ጀርመኑ ሚስቱን የት ልውሰድሽ ሲላት

በእስራኤል አገር፣ በፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ በሻአሪያ ሰፈር ስለ ጀርመን ሰው ማወቅ የፈለገ ወደ እኔ ይመጣል። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን የታወቀ ነገር ስለሆነ ነው። ቴል አቪቭ ባሕር ዳር ባለ ሆቴል ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ክፍል አጽጂ፣ በኋላ የአንሶላና የፎጣ ኃላፊ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ዕብራይስጥ ማንበብ ያስተማረኝ የአውቶብስ ሰሌዳ ነው። አማርኛ መጻፍንም ከጎንደር ከወጣሁ በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ለመድኩት፤ ዛሬ የተማሩት ሳይቀሩ ማመልከቻ ሲጽፉ ያማክሩኛል። ጀርመንኛን ደግሞ ከመኝታ ክፍል በር ላይ ለቃቅሜዋለሁ፦ ደህና አደሩ፣ መስኮት፣ ፎጣ፣ ንጹሕ፣ አመሰግናለሁ። በእነዚህ ቃላት ብቻ ሰው ከጀርመን ጋር ዕድሜ ልኩን ተስማምቶ መኖር ይችላል።

ጀርመን አገር ሊያይ ሲወጣ እንዲህ ነው። ከፀሐይ ቀድሞ ይነሳል። ቁርሱን ሳይቀምስ ወደ መዋኛው ይወርድና ጥላ ያለበትን ወንበር መርጦ ፎጣውን ያነጥፍበታል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። ወንበሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሱ ነው። ሌላው ሰው ቢያጉረመርም እንኳ ሌላ ጀርመን አይነካበትም። በክረምትም ቢሆን መስኮት ከፍቶ ይተኛል። ከቁርስ ገበታ ላይ ዳቦ ሰንጥቆ አይብ ያገባበትና በወረቀት ጠቅልሎ ለምሳ ይይዛል። ከተማ መሃል የተራራ ጫማ አድርጎ፣ ሁለት በትር ይዞ ይሄዳል። ከአገሩ ሳይወጣ መጽሐፉን አንብቦ ስለሚጨርስ የሚያየውን ድንጋይ ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚመጣው ድንጋዩ በቦታው መኖሩን ሊያረጋግጥ ነው። አንድ ቦታ ከወደደ በየዓመቱ ይመለሳል፣ ያንኑ ክፍል ይጠይቃል። ባልና ሚስት ለአንድ አልጋ ሁለት ብርድ ልብስ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን ሌላ የለም።

ታዲያ ባለፈው ጸደይ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሁለት ጀርመኖች ፔታሕ ቲክቫ ድረስ መጥተው በእኛው ሕንፃ፣ በእኛው ፎቅ ሲያርፉ፣ ያረፉት እኔ ዘንድ አይደለም። ጎረቤታችን ዘንድ ነው። ይህች ሴት ባሏ ከሞተና ልጆቿ ከወጡ ወዲህ ባዶውን ክፍል ለመንገደኛ ታከራያለች። ስለ ጀርመን የምታውቀው ነገር የለም። በሩን ከፍታ ቁልፍ ሰጠቻቸው፣ «በሰደር?» አለቻቸው፣ ደህና ነው ማለቷ ነው፣ እነሱም «በሰደር» አሏት፤ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዷት። እኔ ደረጃው ላይ ጠብቄ በጀርመንኛ ደህና አደሩ ስላቸው ተደሰቱ፣ ሰውየው ረጅም ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም «ንጹሕ፣ ንጹሕ» ብዬ መለስኩለት። እጄን ጨብጦ ሄደ። ማታ ግን ኬክ ይዘው የሄዱት ወደ እሷ በር ነው።

ያም ባልከፋ። የከፋው የሚስቴ ነገር ነው።

የእኛ ሚርፔሴት፣ ማለትም በረንዳችን፣ እና የጎረቤታችን ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ነው። ጀርመኑ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከእኔ ይልቅ ፀጉሩ የሳሳ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ሚስቱን ወንበር ላይ ያስቀምጣትና አንገቷን በፀሐይ ቅባት ያሽላታል። ከዚያ ካርታውን ጉልበቷ ላይ ዘርግቶ አንድ ነገር ይጠይቃታል። እሷ በጣቷ ታሳየዋለች። ወደዚያው ይሄዳሉ። ሚስቴ ይህን ለማየት ልብስ ማስጣት አበዛች። የታጠበ ልብስ ሲያልቅ የደረቀውን አርጥባ ታሰጣ ጀመር።

«ምን እያላት ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«የት ልውሰድሽ እያላት ነው።»

«በየቀኑ?»

«የጀርመን ልማድ ነው። ሁሉንም ነገር ይጠይቃሉ።»

ሸሚዜን ገመዱ ላይ ቆነጠጠች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «አንቱ እኔን የት ወስደውኝ ያውቃሉ?» አለች።

«እኔ? ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም ያመጣሽ ማን ሆኖ ነው?»

«እኔንማ እግዚአብሔርና አይሮፕላኑ ናቸው ያመጡኝ። አንቱም ተሳፋሪ ነበሩ።»

እኔ በነገር የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «ስሚ፣» አልኳት፣ «እነዚህ የምታዪያቸው ሰዎች አንድ ብርድ ልብስ እንኳ አይጋሩም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ለብሰው ነው የሚያድሩት። በሆቴሉ በእጄ ያነጠፍኩት ነው፣ አውቃለሁ።»

«እሰይ!» አለች ሚስቴ። «የእኛን አንዱን ብርድ ልብስማ አንቱ ጎትተው ይጠቀለሉበታል፤ እኔ መቼ ለብሼው አውቃለሁ?»

ከገመዱ ወዲያ ጎረቤታችን ስትስቅ ሰማኋት።

ቀናሁ። አልዋሽም። በወጣትነቴ እንዲህ አልቀናሁም፤ ያን ጊዜ የሚቀናብኝ ሌላው ነበር። አሁን ግን ጀርመኑ በደረጃው ሲወጣ የእግሩን ኮቴ ስሰማ ምራቄ ይመርረኝ ጀመር። ሚስቱ ውሃ ሳትጠማ ውሃ ይሰጣታል። ቦርሳዋን ይይዝላታል። ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ መንገዱ ሲጠብ እንኳ። በእኛ ልማድ ባል ከፊት ይቀድማል፣ ሚስት ትከተላለች። በመንደር ወንዝ ስንሻገር ጥልቀቱን የሚለካው ከፊት ያለው ነውና ጥሩ ምክንያት አለው። በእኛው ከተማ በሃዳር ጋኒም መንገድ ላይ ግን ወንዝ የለም፤ እሷም ይህን አስተውላለች።

ረቡዕ ቀን ጎረቤታችን በራችንን አንኳኳች። «አያ፣ ነገ እንግዶቼ ወደ ያርኮን ምንጭ መናፈሻ በእግር ይሄዳሉ። እኔም እሄዳለሁ። ባለቤትዎንም እንውሰዳት፤ ጀርመኗ ወዳታለች።»

ሚስቴ ወዲያው ነጠላዋን አስተካከለች፣ አሁኑኑ የምትወጣ ይመስል።

«ሚስቴ ከሰው ጋር አትሄድም፣» አልኩ። «ከእኔ ጋር ነው የምትሄደው።»

«መቼ?» አለች ሚስቴ።

«ነገ።»

«የት?»

«ወደዚያው ወደ ምንጩ!»

ጎረቤታችን አፏን በእጇ ሸፈነች። «ያላ፣ እንግዲህ እዚያ እንገናኛለን፣» ብላ ሄደች። ሚስቴ ግን አልሳቀችም። «እውነትዎን ነው? ሁለታችን ብቻ?» አለች። «ሁለታችን ብቻ፣» አልኳት። ፊቷ ላይ ያየሁትን ከሰርጋችን ወዲህ አላየሁትም ብል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ ይህን ማበላሸት እንደሌለብኝ ገባኝ።

ጀርመንን በጀርመን መንገድ ነው የሚያሸንፉት። በማግስቱ ማልጄ ተነሳሁና ብቻዬን ወደ ምንጩ ወረድኩ፤ በሩ ሲከፈት ከጠባቂው ቀጥሎ የገባሁት እኔ ነኝ። ከውሃው አጠገብ፣ በትልቁ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ረጅም የእንጨት ገበታ አለ፤ በቦታው ሁሉ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ፎጣ ትንሽ ስለሆነ ጋቢዬን ይዤ ነበር። ነጩን ጋቢ ከዳር እስከ ዳር አነጠፍኩት፣ ነፋስ እንዳያነሳው አራቱን ጫፍ በድንጋይ ጫንኩት። አንድ የሆቴል ባለሙያ የሚያነጥፈውን ያህል ቀጥ ያለ ነበር። ጀርመኑ መጥቶ ሲያየው የማን ሥራ እንደሆነ ይገባዋል ብዬ ደስ እያለኝ ሚስቴን ላመጣት ተመለስኩ።

ሚስቴ ለመልበስ ጊዜ ወሰደች፣ አውቶብሱም ዘገየ። ስንደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ከሩቅ ገበታዬን አየሁት፤ ሰው ሞልቶበታል።

የእኛው ሰዎች ናቸው። ከጎረቤት ከተማ ከሮሽ ሃዓይን፣ ከአረጋውያን ሞአዶን፣ ማለትም ከክበባቸው፣ በአውቶብስ ለሽርሽር የመጡ፤ ወንዶቹ በባርኔጣ፣ ሴቶቹ በነጠላ። ጋቢዬን አላነሱትም። ዳር ዳሩን ከበው ተቀምጠው፣ መካከሉን ሳይነኩ፣ ምግባቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ገና ሲያዩን አንድ ሽማግሌ ብድግ አለ።

«የጋቢው ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ተመስገን! ልብስዎን ስንጠብቅ ቆየን። አንድ ቄስ ወይም አንድ ትልቅ ሰው ጋቢውን ትቶ ለጸሎት ወደ ውሃው ወርዷል ብለን ነው። የሰው ልብስ ጥሎ መሄድ አይሆንም ብለን ተቀመጥን።»

አንዲት አሮጊት ጨመረች፦ «ሁለት ፈረንጆች መጥተው ሊቀመጡ ነበር፤ በትር የያዙ። የአባት ልብስ ነው ብዬ በእጄ ከለከልኳቸው። ወዲያው ገባቸው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ።»

ዕድሜዬን ሁሉ ጀርመን ሌላውን በፎጣ ሲከለክል አይቻለሁ። ጀርመንን በጋቢ የከለከልኩ እኔ ብቻ ነኝ። እነሱም በገበታው ራስ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፣ «ይቀመጡ አባ» አሉኝ፣ ከየአቅጣጫው ያጎርሱኝ ጀመር። ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ጀርመኖች ልማድ፣ ስለ መስኮቱና ስለ ዳቦው ነገርኳቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። እንዲህ ያለ አድማጭ ካገኘሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ሚስቴን የት እንዳስቀመጧት አላየሁም። በኋላ ቀና ስል በታችኛው ጫፍ ቆማ አየኋት። ሴቶቹ መካከል ቲማቲም ትከትፋለች፣ ለወንዶቹ ውሃ ትቀዳለች፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ አላወረደችም። ቤት ያለውን ሥራ ነው ይዤላት የመጣሁት። እንደገና ስለ ሆቴሉ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሁለተኛ ቀና ስል ቦታዋ ላይ የለችም።

ወደ ውሃው አየሁ። ጎረቤታችን፣ ሁለቱ ጀርመኖችና ሚስቴ ከወንዙ ዳር ናቸው። ጀርመኖቹ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ዳቧቸውን በልተው ጨርሰዋል። አሁን ውሃው መካከል ባሉት ድንጋዮች ላይ ሊሻገሩ ነው። ጀርመኑ ሚስቱን አሻግሮ ተመለሰ፣ አንዱን በትር ለሚስቴ ሰጣት፣ ከዚያ እጁን ዘረጋላት።

ከገበታው ራስ ላይ ተነሳሁ።

«አያ፣ ወዴት ነው? ወሬውን ሳይጨርሱት!» አለ ሽማግሌው።

በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ሮጥኩ የሚሉ አሉ። ሚስቴ እጇን ለጀርመኑ ከመስጠቷ በፊት በመካከላቸው ገባሁ። ጀርመኑ ሳቀና ወደ ኋላ አለ። ክፉ ሰው ባይሆንም፣ ይህን ሰው በዚያች ሰዓት ልወደው አልቻልኩም።

«ተቆጡ እንዴ?» አለች ሚስቴ።

«ቦርሳውን ስጪኝ።»

«የቱን?»

«የያዝሽውን።»

ሰጠችኝ። አበባ ያለበት የሴት ቦርሳ ነው። ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። ከገበታው በኩል ሳቅ ተነሳ። «ኧረ አያ ፈረንጅ ሆኑ!» አለች ያቺ አሮጊት። «ለእርስዎስ ነጠላ እናምጣልዎ?» አለ አንዱ። ሁሉም ከጎንደር የመጡ፣ ልማዱን የሚያውቁ ናቸው፤ የሳቁበትን እኔም በሌላ ሰው ላይ እስቅበት ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ግን ቦርሳውን አላወረድኩም።

ድንጋዮቹን ተውናቸውና በወንዙ ዳር ባለው መንገድ ሄድን። እግሬ ለምዶበት ቀደምኳት። «ከፊት አይሂዱብኝ፣» አለች። ቆሜ ጠበቅኳት፣ ጎን ለጎን ሆንን። ጎን ለጎን መሄድ ከባድ ነው፤ የሌላውን እርምጃ ማየት ይጠይቃል። ትንሽ ከሄድን በኋላ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጠየቅኳት።

«የት ልውሰድሽ?»

ጥያቄውን ለረጅም ጊዜ ይዛው ለመቆየት የፈለገች ይመስል ነበር። «ኪነሬት፣» አለች በመጨረሻ። «ይህን ያህል ዓመት እዚህ አገር ኖሬ የኪነሬትን ሐይቅ አላየሁትም። ጣናን ያህላል ይባላል፤ ልየው።»

«ኧረ አያህልም። የጣናን ሩቡን እንኳ...»

«ልየው አልኩ እንጂ ይንገሩኝ አልኩ?»

ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ወደደችው፤ ክንዴን ያዘችኝ። ዞር ስል ጀርመኑ ከማዶ ያየናል። ይየን አልኩ።

ጀርመኖቹ በሳምንቱ ሄዱ። ለሚመጣው ጸደይም ያንኑ ክፍል እንደያዙ ጎረቤታችን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ይምጡ። እስከዚያ እኔ የሠራሁት ይህ ነው፦

የሮሽ ሃዓይን ሽማግሌዎች ሁሉ እያዩኝ የሚስቴን ቦርሳ ከወንዙ እስከ አውቶብስ ማቆሚያው ተሸክሜያለሁ።

ኪነሬት ወስጃታለሁ፤ ያለ አስጎብኚ፣ ያለ ካርታ፣ እየጠየቅኩ።

ዳቦውን ሰንጥቄ አይብ ያገባሁበት፣ በወረቀትም የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።

በሰው መካከል አንገቷን የፀሐይ ቅባት ቀብቻታለሁ። በዝቶ ልብሷን ነክቶታል፤ ግን ቀብቻታለሁ።

ከሐይቁ ፊት ቆማ ስታየው፣ ስታየው፣ አንድም ቃል አልተናገርኩም። «ያንሳል፣ ግን ደግ ውሃ ነው፣» ያለችው ራሷ ናት።

ለቀጣዩ ሃይፋ ብላኛለች፣ እሺ ብያለሁ።

ስንመለስ ደግሞ በአውቶብሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት እስከ ፔታሕ ቲክቫ ሳልነቃነቅ ተቀምጫለሁ። የጀርመኑ ሚስት በእሱ ትከሻ ላይ ስትተኛ እስከ ዛሬ አላየሁም።