ከአባቴ ሬሳ ኋላ

ፒካፕ መኪናዬ መካከለኛ ነው፤ ጉልበቱ ልክ አለው። አልጋና መቀመጫ ያለው ባለጎማ ተጎታች ቤት ከኋላው አስሬ ከጎንደር ደባርቅ የተመላለስኩባቸው ዓመታት ደጎች ነበሩ። አገር ጎብኚ እንግዶች ያድሩበታል፣ እኔ እጎትተዋለሁ። ጦርነቱ እንግዶቹን ሲያስቀር የተጎታቹ ባለቤት “ጠብቅልኝ” ብሎኝ ሄደ፤ ቤቱም ግቢዬ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆነ።

መጎተት ያስተማረኝ እሱ ነው። አንዱን ነገር እስኪሰለቸኝ ደጋገመልኝ፦ ከባዱ ጭነት ከጎማው ወደ ፊት፣ ወደ መኪናው በኩል ይሁን። ወደ ኋላ ከበዛ ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ መኪናውን እንደፈለገ ያደርገዋል። ይህን አውቅ ነበር። ደህና አድርጌ አውቅ ነበር።

አባቴ በነሐሴ ደባርቅ እኔ ቤት ዐረፈ። የሚቀበረው ግን ክርስትና በተነሳበት፣ ከዳባት ወዲያ ባለው አጥቢያ ነው። ዝናቡ አላባራ ስላለ ሬሳው በተጎታቹ ቤት እንዲሄድ ተስማማን። ዶሮዎቹን አስወጥቼ አጠብኩት።

ሣጥኑን መሀል ላይ አኖርነው። እናቴንና አራቱን አክስቶቼን ከፊት ባለው መቀመጫ ላስቀምጥ ስል የአባቴ ታላቅ ወንድም በሩ ላይ ቆሙ።

“ከሬሳ ፊት የሚሄድ ካህን ነው። ሰው ይከተላል እንጂ ይቀድማል እንዴ?”

“ጋሼ፣ ሚዛኑ እንዳይዛባ ብዬ ነው። ከኋላ ከከበደ…”

“አባትህን ልትቀብር ነው ወይስ እህል ልትጭን?”

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ። አምስቱ ሴቶች፣ ለለቀስተኛው የተዘጋጀው የዱቄት ጆንያና የጠላ በርሜል ሁሉ ከሣጥኑ ኋላ ገቡ። ሁለቱ ካህናት ከእኔ ጋር ጋቢና ተቀመጡ፤ ሥርዓቱ ተሟላ። ወንዶቹ በሚኒባስ ተከተሉን።

ገና ከከተማ ስንወጣ የፒካፑ ኋላ ቀለለኝ፤ አንድ ሰው ከሥር የሚያነሳው ይመስል ነበር። ቆሜ ላስተካክል አሰብኩ። አጎቴ ከሚኒባሱ ወርደው የሚሉኝን አስቤ ነዳሁ።

ዳባት ሳንደርስ ቁልቁለቱ ላይ ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ ፍሬን አልረገጥኩም፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁ። ከመነሳቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ግን አላደረግሁም። ተጎታቹ ወደ ቦዩ ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ፤ ፒካፑንም ጎትቶ አቆመው።

በሩን ስከፍት አክስቶቼ ይጮኻሉ፣ ጠላው ይፈሳል። ሣጥኑ ወደ ኋላ ሄዶ እናቴ ላይ ዐርፏል። እሷ አልጮኸችም።

አባቴን በሚኒባሱ ወስደው በሰዓቱ ቀበሩት። እኔ እናቴን ሐኪም ቤት ይዣት ስለሄድኩ፣ እሷም እኔም ቀብሩ ላይ አልነበርንም። የተሰበረው ዳሌዋ እስከ ዛሬ አልጠናም፤ አልጋ ላይ ናት። አጎቴ ሊጠይቋት ሲመጡ “የእግዜር ቁጣ ነው” ይላሉ። እኔም እንደተስማማ ሰው አንገቴን እነቀንቃለሁ።

በቀደም ጀርባዋን ሳሻት ድንገት ተናገረች።

“ያን ዕለት ሲወዛወዝ ወደ ፊት ልሳብ ብዬ ነበር። ባሏን አልፋ ሄደች እንዳይሉኝ አፈርኩ። አንተ ሹፌር ነህ፤ ከፊት ብንሆን ኖሮ ይሻል ነበር?”

እጄ ቆመ።

“አይ እማ፣ ያው ነበር።”

“ተመስገን” አለች። “እኔኮ ይኼን ሁሉ ጊዜ የራሴ ጥፋት ይመስለኝ ነበር።”

ጀርባዋን ማሸቴን ቀጠልኩ።