ላፕቶፑ ደሴ ሲወጣ

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የእናቴ ወንድም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ጌም ቤት ነበራቸው። ቤቱን የምከፍተውና የምዘጋው፣ ተራ የማስጠብቀው፣ የተነቀለ የጆይስቲክ ቁልፍ የምመልሰው፣ ልጆቹ "ጎሉ አይቆጠርም!" ብለው ሲያያዙ የምዳኘው እኔ ነበርኩ። እስከ ዐሥረኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ስለ ኮምፒውተር የማውቀውን ያወቅሁት እዚያው ቤት ውስጥ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን እንግሊዝኛ እየደጋገምኩ፣ የተበላሸ ነገር እየፈታሁ ነው። ፈትቼ መግጠም ያቃተኝም ነበር፤ እሱን አሁን አንቆጥረውም።

ያ ዓመት ለቤታችን ጥሩ አልነበረም። ከእኛ ከፍ ብሎ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተና ልጆቹ ወደዚያ ፈለሱ። የእኛ ማሽኖች አርጅተው አዲሱን የኳስ ጌም መክፈት አቅቷቸዋል። አጎቴ አንድ እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ ባዶዎቹን ወንበሮች ቆመው አዩና፣ "እንግዲህ አንድ ደህና ላፕቶፕ እገዛለሁ። እሱም ልጆቹን ካልመለሰ ክፍሉን ለጸጉር ቤት አከራየዋለሁ" አሉ። ለእሳቸው የአንድ ክፍል ጉዳይ ነበር። ለእኔ ግን ትምህርት ቤቴ ሊዘጋ ነው።

ኮምቦልቻ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ አንድ ጎረምሳ እንዳለ ሰው ነገራቸው። ብቻቸውን ሊወርዱ ሲሉ፣ "ጋሼ፣ እኔም ልምጣ" አልኳቸው።

"አንቺ መጥተሽ ምን ታደርጊልኛለሽ?"

"ግራፊክስ ካርዱን አይልዎታለሁ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ጌሙን ስክሪኑ ላይ የሚስለው ክፍል ነው። እሱ ደካማ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም።"

"ነይ እንግዲህ" አሉ እየሳቁ፤ "ሠዓሊውን አብረን እንየው።"

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። የልጁ ሱቅ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት፤ ፀሐይዋ ከላይ ትጋግራታለች። ሁለት ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋልን። ሁለቱም ዕድሜ ጠገብ ናቸው፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው።

"ይሄኛው ካርዱ ባለ አራት ጊጋ ነው፤ ያኛው ባለ ሁለት" አለ።

"ታዲያ ምን ያነጋግራል?" አሉ አጎቴ። "አራት ከሁለት ይበልጣል።"

እኔ ግን የሁለቱንም ስም በስልኬ ፈልጌ አንብቤ ነበር። "ጋሼ፣ ጊጋው መጋዘን ነው" አልኳቸው። "የዚህኛው መጋዘን ሰፊ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ስለሆነ ዕቃው ቶሎ አይወጣም። የዚያኛው መጋዘን ትንሽ ነው፤ በሩ ግን መኪና ያስገባል። ሠራተኞቹም ይበዛሉ።"

ሻጩ ቅንድቡን አነሳ። "ወላሂ፣ እህቴ፣ አንቺ ነጋዴ ብትሆኚ ያዋጣሽ ነበር።"

"ወሬውን ተወውና እናጫውታቸው" አልኩት።

በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የኳስ ጌም፣ አንድ ስታዲየም፣ አንድ ዓይነት የሥዕል ጥራት አደረግሁ። በየሰከንዱ ስንት ሥዕል እንደሚያልፍ የሚያሳየውን ቁጥርም ከስክሪኑ ጥግ ላይ አወጣሁ። ቁጥሩ ሲበዛ ኳሱ ይለሰልሳል፤ ሲያንስ ይቆራረጣል። ባለ አራቱ ሠላሳ አካባቢ ሲንቀራፈፍ ባለ ሁለቱ ከሃምሳ በላይ ወጣ።

"አዩ ጋሼ?" ብዬ ሳልጨርስ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አርባ። ሠላሳ አምስት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ። ሃያ ላይ ሲደርስ ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ የገቡ መሰሉ። ባለ አራቱ ግን እዚያው ሠላሳው ላይ እንዳለ አለ።

ሻጩ ሳቁን መያዝ አቃተው። "እህቴ፣ ቡድንሽ በሙሉ ተጎዳብሽ! ቃሬዛ ላስመጣ?"

አጎቴ ላባቸውን ጠረጉ። "በቃ፣ ባለ አራቱን ጠቅልልልኝ።"

 ያነበብኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው? እጄን ከላፕቶፑ ሥር ሰደድኩና ቶሎ መለስኩት፤ ያቃጥላል። ያን ጊዜ ነው አንገቴ ላይ የሚወርደው ላብ የተሰማኝ።

"ጋሼ፣ ሞቆት ነው" አልኩ።

"እዚህ ያልሞቀው ማን አለ?"

"ኸረ የእውነቴን ነው። ካርዱ በጣም ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኃይለኛ ስለሆነ ከዚያኛው ይበልጥ ይግላል። ግን እሱ የሚኖረው ኮምቦልቻ አይደለም እኮ፤ ደሴ ነው። የእኛ ቤት ልጆች በሐምሌ ጃኬት ለብሰው አይደለም እንዴ የሚጫወቱት? እዚያ ሳናየው አንተወው።"

"ወላሂ" አለ ሻጩ፣ "ለላፕቶፕ የአየር ለውጥ ሲታዘዝ ዛሬ ገና ሰማሁ!"

አጎቴ አልሳቁም። ላፕቶፑን በእጃቸው ነክተው አዩት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው፣ "ሁለቱንም ይዘህ አብረኸን ትወጣለህ? መሳፈሪያህና ምሳህ በእኔ ነው" አሉት።

"ይሄንንማ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም" ብሎ ሱቁን ዘጋ።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ ባለ ሁለቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤው ነበር። መስኮቱን ከፍቼለታለሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት፣ "አንቺ ልጅ፣ ብርዱን ለማን ነው የምትለቂብን?" ሲሉ ሻጩ ፈጠን ብሎ፣ "እማማ፣ በሽተኛ ይዛ ነው፤ ይታገሡን" አላቸው። ሚኒባሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሙቀቱን በንባብ እንጂ በእጄ ሞክሬው አላውቅም ነበር። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። "እርግጠኛ ነኝ ጋሼ" አልኩና መስኮቱን ይበልጥ ከፈትኩት።

ሆጤ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ነበር። ላፕቶፖቹን ፀሐይ በማይገባባት በእኛዋ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ስታዲየም ከፈትኩ። ባለ ሁለቱ እንደገና ሃምሳን አለፈ። እኔ ኳሱን ትቼ ጥግ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው የማየው። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ፤ ሃምሳ ሦስት። ሁለተኛው ተጀመረ፤ ሃምሳ ሁለት። ማራገቢያው ይጮሃል፤ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። ባለ አራቱ ደሴም ወጥቶ ያው ሠላሳ ነው።

በር ላይ የሚያልፉ ልጆች ድምፁን ሰምተው አንገታቸውን አስገቡ። ቀስ በቀስ ገቡ። አንዱ፣ "ኸረ ይሄ ይበራል!" አለ። ሌላው፣ "ቀጣዩ የኔ ነው፣ ተራ ያዢልኝ" አለኝ። ተራ ያዢልኝ! ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር።

ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ተሸነፍኩ። ሱቅ ያለውን ሁሉ ጭኜ ላምጣና ለዪልኝ" አለ። አጎቴም፣ "ለካ ደሴ የሚስማማው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ጌታ ይመስገን" አሉ።

ሁሉንም ነገር አሸነፍኩ ልል አልፈልግም። ሥዕሉ በጣም የከበደ ጌም ሲመጣ ያቺ ሁለት ጊጋ እንደምትጠብ የዚያኑ ዕለት ለአጎቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ በኋላም እውነት ሆኗል። ማራገቢያውን ፈትቼ ካጸዳሁት፣ ካርዱ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስወጪ ቅባትም ከቀየርኩት በኋላ ግን ያ ላፕቶፕ ልጆቹን መለሰልን። ክፍሉም ጸጉር ቤት አልሆነም። ዛሬ የብዙ ሰው ላፕቶፕ በእጄ ያልፋል፤ ከሁሉም የምኮራው ግን በዚያች ቀን ነው። እየፈራሁ ያመንኩበትን ተናገርኩ፤ እሱም እውነት ሆኖ ተገኘ። ለመኩራት ይሄ አይበቃም?

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሁለተኛ ላፕቶፕ መግዛት ሲያስፈልግ አጎቴ ገንዘቡን በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። እሳቸው ጌም ቤቱን ሲጠብቁ ዋሉ፤ ኮምቦልቻ እኔ ብቻዬን ወረድኩ።