ለካሜራ የነገርኩት ዳጉ

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

ሰመራ አስተማሪ ነኝ። ሁመድ የሚባል ዘፋኝ ወዳጅ ነበረኝ፤ ያለ እሱ ሠርግ የማይደምቅ። አንድ የዒድ ሰሞን፣ ታዋቂ ሰዎችን በድብቅ ካሜራ እያስደነገጠ የሚስቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሠራተኞች ከአዲስ አበባ መጡ። ሁመድን በሐሰተኛ ፖሊስ ሊያስደነግጡት አስበው ነበር። "በዚህ አይሸወድም፤ በዳጉ ይነገረው" ያልኩት እኔ ነኝ። ማን ይንገረው ሲሉም "እኔ" አልኩ።

ዳጉ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ የሚለዋወጠው ወሬ ነው። አይዋሽበትም፤ የሰማ ሰውም ለሌላው ማድረስ ግዴታው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላወቅኩም ልበል?

ሻይ ቤት ተቀምጠን ሰላምታው እንዳለቀ ሁመድ እንደ ወጉ ምን እንደሰማሁ ጠየቀኝ። የእህቱ ባል፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ እድሪስ፣ ገዋኔ ላይ ተገልብጦ ሞተ አልኩት። እኔ አልኩት፤ በዚህ አፌ። "ኢና ሊላሂ" ብሎ ራሱን ይዞ አለቀሰ። ወዲያው ደግሞ፣ ካሜራዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሳይወጡ፣ እህቱ ወዳለችበት ወደ አሳይታ ለሚሄዱ ሁለት መንገደኞች ወሬውን ነገራቸው። የቴሌቪዥን ልጆቹ "ቀልድ ነው" እያሉ በሳቅ አበባ ይዘው ሲወጡ የመንገደኞቹ ሚኒባስ ተነስቷል። ሁመድ ቢደውል ኔትወርክ የለም። በሌላ መኪና ቢከተልም ለቅሶው ቀድሞት ደረሰ፤ እህቱን መሬት ላይ ተደፍታ አገኛት።

ሽማግሌዎች ወሬው ከማን እንደመጣ አጣሩ። ሁመድ ስሜን ጠራ። አስጠሩኝ።

"መምህር፣ አንተ ነህ የነገርከው?" አሉኝ አንዱ።

"እኔ አልነገርኩትም፤ ከቴሌቪዥን ሰዎቹ ነው የሰማው" አልኩ።

ሁመድ ዞሮ አየኝ። እኔ መምህር ነኝና አመኑኝ፤ ውሸታሙ እሱ ሆነ። ዝግጅቱ ሲተላለፍም የእኔ ድምፅ ተቆርጦ በሙዚቃ ተሸፍኗል፤ የሚታየው የእሱ እንባ ብቻ ነው።

በየዒዱ ይደግሙታል። ሰው ሲያለቅስ ምኑ ነው የሚያስቀው? እንዴት ያለ ጨዋታ ነው ይሄ? ስድቤን ሁሉ በእነሱ ላይ ባወርድ ደስ ባለኝ። ግን እነሱ ዳጉን አያውቁም፤ እኔ አውቅ ነበር። እነሱ ሳቁ፤ እኔ ዋሸሁ፣ ከዚያም ካድኩ። ይቅር በሉኝ ለማለት ምን አፍ አለኝ?

አሳይታ ውስጥ ዛሬም ሁመድን ሰላም ይሉታል፤ ዘፈኑንም ይሰማሉ። ወሬ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት ዱብቲ፣ ሚኒባስ መሳፈሪያው ላይ አገኘሁት። እጄን ጨበጠና፣ እኔን፣ እንደ ወጉ "ምን ሰማህ?" አለኝ። ሁሉም ሰላም ነው አልኩት። መልሼ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩትም። እውነቱን ይነግረኛል ብዬ ፈራሁ።