ከጀልባዋ ፎቶ ሥር ምን ልጻፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ረጅም ነገር ጻፍኩ ከተባለ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ታምሜ ያመለጠኝን ትምህርት ከጓደኛዬ ገልብጫለሁ፤ እሱም የእኔ አይደለም። ስድስተኛን እንደጨረስኩ ትምህርት አቆምኩ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። አሁን የምጽፈው አንድ ነገር ግራ ስለገባኝና ለማንም ልነግረው ስላልቻልኩ ነው።

አባቴ ጀልባ ነበረኝ ይላል። የሞተር ጀልባ አይደለም፤ ነጭ ሸራ ያላት፣ ንፋስ የሚነዳት። የምንኖረው አዳማ ነው። ሐይቅ የለንም፤ ያለን አቧራና ንፋስ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሥቶ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ይሄ ንፋስ ላንጋኖ ላይ ቢሆን ኖሮ…» ይላል። ባጃጅ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከውስጥ፣ «አድሚራል፣ መልሕቁን እናንሣ?» ይለዋል። አባቴ አይቆጣም። «አንተን ብጭን ትሰምጣለች» ይለዋል።

አንድ ፎቶ አለን። አባቴ ወጣት ነው፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ በእጁ ገመድ ይዟል። ከኋላው ጀልባዋ አለች። ሸራዋ በንፋስ ተወጥሯል። እኔ አባቴን ያወቅሁት ሽማግሌ ሆኖ ስለሆነ ልጅ ሳለሁ ሰውዬው እሱ መሆኑን ለማመን ጆሮውን አይ ነበር። ጆሮው አልተለወጠም።

አራተኛ ክፍል ሆነን መምህራችን ስለ ቤተሰባችን ስትጠይቀን፣ «አባቴ ጀልባ ነበረው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «የት? ቦይ ውስጥ?» አለ አንዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጀልባዋ» ሆነ። ቤት መጥቼ ፎቶውን አየሁና ልቤ ተረጋጋ። እነሱ ይሳቁ፤ እኔ ፎቶ አለኝ አልኩ። ብዙ ዓመት በዚህ ኖርኩ።

ዘንድሮ ጎረቤታችን ያለችው ልጅ ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን ውስጥ አስገባችኝ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያሉ ሰዎች የሐይቆቹን የድሮ ፎቶ የሚለጥፉበት ነው። አንዱ የባቱን ዓሣ አጥማጆች ይለጥፋል፤ ሌላው ላንጋኖ ዳር ድንኳን ውስጥ ሆነው ማካሮኒ የሚበሉ ዘመዶቹን ይለጥፋል። ጀልባ የነበራቸው ሰዎችም አሉ፤ ሸራዋ ምን ቀለም እንደነበረ፣ ማን እንደቀባት፣ ለማን እንደተሸጠች ያወራሉ። እኔ አነባለሁ እንጂ አልናገርም። አንድ ቀን ግን የእኛን ፎቶ በስልኬ አንሥቼ ለጠፍኩና ሥሩ «የአባቴ ጀልባ። ላንጋኖ።» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩ። የምሠራው የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋበት ቤት ነው፤ ስፌቱን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከፎቶው ሥር አንዲት ሴት እንዲህ ብላለች፦ «ይህቺ ጀልባ የአባቴ ናት። ገመድ የያዘውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። በሕይወት አለ?»

ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ስድብ የለበትም። በሕይወት አለ ወይ ነው የምትለው። አለ ብዬ መለስኩላት። ደወለች። አዲስ አበባ እንደምትኖር ነገረችኝ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ለአባቴ እንግዳ ይመጣል ብዬ ብቻ ነገርኩት። የጻፈችውን ያሳየሁት ለወንድሜ ነው።

«ነግሬሽ የለ! የሰው ጀልባ ዘበኛ ነበር፣ በቃ» አለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸና አነሣው። «ዛሬ አልችልም ወንድሜ፣ ባጃጄ ጎማዋ ተንፍሷል» አለ።

ባጃጇ የእሱ አይደለችም። ማታ ማታ ለባለቤቱ ያስረክባታል። ግን ሁሌም ባጃጄ ነው የሚላት፤ ማንም ውሸታም ብሎት አያውቅም። አባቴም እንዲያ ማለቱ ይሆን? ትንሽ ቀለለኝ። በኋላ ግን አባቴ «ጀልባዬ» ብቻ እንደማይል ትዝ አለኝ። «ጀልባ ነበረኝ» ይላል። ወንድሜ ባጃጅ አለኝ ብሎ አያውቅም። እንደገና ተምታታብኝ። ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ አባቴ በገዛ ቤቱ፣ በልጁ ፊት ሊዋረድ ነው፤ ያመጣሁበት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ሴትዮዋ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ፌስታል ውስጥ ፎቶዎች ይዛለች። አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ ትኩር ብሎ አያትና፦

«አንቺ! ያቺ ውሃ የምትፈሪዋ ልጅ አይደለሽም?»

«ዛሬም እፈራለሁ፣ ጋሼ» አለችው። ተቃቀፉ።

ፎቶዎቹን አልጋው ላይ ዘረገፈቻቸው። ጀልባዋ በሁሉም ውስጥ አለች። መነጽር ያደረገ ወፍራም ሰውዬ አለ፤ አባቷ ነው። የእኔ አባት ጥግ ጥጉን ነው ያለው፤ በአንዱ ግማሽ ፊቱ፣ በሌላው ክንዱ ብቻ። እያንዳንዱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየ። ከዚያ አንዱን አነሣና፦

«ይቺ ናት ጀልባዬ!» አለ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«አዎ ጋሼ፣ ጀልባዎ ናት» አለች ሴትዮዋ።

ልሸኛት እስከ አስፋልቱ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ቃሉን አፌ ውስጥ ሳገላብጠው ቆየሁና፦

«እትዬ፣ የአባቴ ናት ብለው ጽፈው ነበር» አልኳት።

«ናት።»

«አሁን ደግሞ የእሱ ናት አሉ።»

«እሱም እውነት ነው» አለች። «የገዛት አባቴ ነው። አባትሽ ይጠብቃት፣ ሸራዋ ሲቀደድም ይሰፋላት ነበር። መጨረሻ ላይ ላንጋኖን ትተን ስንሄድ አባቴ ገመዱን ሰጠውና፣ ‹እስክመለስ ያንተ ናት› አለው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አባቴ ግን አልተመለሰም፤ ሞተ።»

«ታዲያ የማን ናት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ወንድሞቼ ግን ቡድኑ ውስጥ አሉ፤ ያንቺን ጽሑፍ አይተው ተናደዋል። እባክሽ አስተካክይው።»

«ምን ብዬ?»

«እንደሆነው አድርገሽ» አለችኝና ታክሲ ውስጥ ገባች።

እንዴት እንደሆነ መች አወቅሁ! ዘበኛ ነበር ብዬ ብጽፍ እነዚያ የሳቁት ልጆች ልክ ሊሆኑ ነው። የአባቴ ናት ብዬ ብተወው የሞተ ሰው ንብረት መውሰድ መሰለኝ።

ቤት ስመለስ ወንድሜ ወጥቷል። አባቴ ትታለት የሄደችውን ፎቶ ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ይቺ ጀልባ ያንተ ናት?»

«እስኪመለስ የእኔ ናት» አለ ሳያመነታ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰዎች መጥተው በመኪና ጭነው ወሰዷት። የት እንዳደረሷት አላውቅም። እኔም የራሴን ሠራሁ።»

ስለዚህኛዋ ሰምቼ አላውቅም።

«የቷ? ፎቶዋስ?»

«ማን ያነሣታል! የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቼ ነው ሸራ ያደረግሁላት። እንዴት አስቀያሚ ነበረች መሰለሽ! ዓሣ አጥማጆቹ ‹ጆንያዋ› ነበር የሚሏት።» ሳቀ። «ሦስት ጊዜ ሐይቁ ላይ ወጣች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች።»

«ታዲያ ስታወራልን የኖርከው ስለየቷ ነው?»

ፎቶውን እንደገና ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየ። እየዋሸ ያለ ሰው አይመስልም፤ መልሱን ራሱም የሚፈልግ ይመስላል።

«ፎቶውን እያየሁ ስለዚያች እጀምራለሁ» አለ በኋላ። «ሳወራ ጆንያዋ ትመጣብኛለች።»

ያደግሁባቸውን ታሪኮች አንድ በአንድ አስታወስኩ። ጉማሬዎቹ ያባረሯት የቷ ናት? ዝናቡ ሲመጣ ቀድማው ዳር የደረሰችውስ? ጠየቅሁት። የጉማሬዎቹ ጆንያዋ ናት አለ። ትንሽ ቆይቶ አይደለችም፣ ያኛዋ ናት አለ። ከዚያ ተወው። እኔም የቷን ስወድ እንደኖርኩ ጠፋኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ጽሑፉ አሁንም አለ፤ የአባቴ ጀልባ፣ ላንጋኖ። የሴትዮዋ ወንድሞች መናደዳቸውን፣ አስተካክይ መባሌን ነገርኩት። ይከፋዋል ብዬ ነበር፤ አልከፋውም። ይስተካከል የተባለው የሌላ ሰው ስህተት ይመስል ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ።

«እና ምን ብዬ ልጻፍ፣ አባዬ?»

ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ይቺ የሰውዬው ናት በያቸው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አለኝ። «የሰመጠችው ግን የአባቴ ናት ብለሽ ጻፊ።»