የሦስተኛው ሰንበት ማስታወቂያ

በከተማችን ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በጸሐፊነት የተቀጠርኩ ዕለት የለበስኩት አዲስ ነጭ ሸሚዝ ነበር። ቄሱ ወደ ጓዳ ወሰዱኝና ማባዣ ማሽኑን አሳዩኝ። «ታውቅበታለህ?» አሉኝ። «በሚገባ!» አልኩ። ማሽን ሲባል የማውቀው የእናቴን የስፌት መኪና ብቻ ነበር። እጀታውን ወደ ኋላ አዞርኩት፤ ጥቁሩ ቀለም ከሲሊንደሩ ወጥቶ ደረቴ ላይ አረፈ። ቄሱ ሸሚዜን ትኩር ብለው አዩና «ቢያንስ ቀለም እንዳለው አረጋገጥን» አሉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሐዋሳንም ያን ጊዜ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት የሞላኝ፣ በሁለት ጣት የምተይብ ባለሙያ ነበርኩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የሳምንቱን ማስታወቂያ ሰም በተቀባ የስቴንስል ወረቀት ላይ በታይፕ እመታለሁ። ስህተት ሲገኝ በማረሚያ ቀለም ይደፈንና እንደገና ይመታል። የእኔ ስቴንስል ከጽሑፉ ማረሚያው ይበዛ ነበር። ከዚያ አባዛለሁ፤ አንዱን በር ላይ እለጥፋለሁ፤ እሁድ ደግሞ ከስብከቱ በፊት ቆሜ አነባለሁ። ንባቡ የሥራ ውሌ ላይ አልነበረም። ድምፅህ ወፍራም ነው ተብዬ ተጫነብኝ። የወፈረው ድምፄ ብቻ እንዳልነበረ ባለቤቴ ትመሰክራለች።

ማስታወቂያ ማንበብ ቀላል ሥራ የሚመስለው ላላነበበ ሰው ነው። ረቡዕ በአሥር ሰዓት የመዘምራን ልምምድ አለ። ዓርብ የሴቶች ማኅበር ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የተኙትን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ገንፎ የምታዘጋጅ እህት ስሟን ታስመዝግብ። ቅዳሜ የአግዳሚ ወንበሮች ጥገና ይደረጋል፤ መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ። ይህን አንብቤ ስወርድ ወቀሳው በር ላይ ይጠብቀኛል።

የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ እትዬ አማረች አንድ ቀን ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ። «አንተ ሰውዬ፣ የመዘምራኑን ስታነብ ድምፅህ እንደ ነጋሪት ነው። የእኛ ተራ ሲደርስ እንደ ትንኝ!»

«እትዬ አማረች፣ የጻፉት እኮ ሦስት ገጽ ነው። መሐል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ታዲያ በሽተኛ በሁለት መስመር ይጠየቃል?»

በሚቀጥለው እሁድ ሦስቱንም ገጽ እንደ ነጋሪት አነበብኩት። መዘምራኑ አኮረፉ።

ከምዕመናኑ የባሰው ቀበሌው ነበር። የሚባዛ ወረቀት ሁሉ አስቀድሞ ለሊቀመንበሩ መታየት አለበት። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ሁሉን ነገር መመዝገብ ይወዳሉ። የወንበር ጥገናውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩበት።

«የምን መዶሻ ነው ይሄ?»

«ለአግዳሚ ወንበር ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ስንት መዶሻ?»

«እንግዲህ… ሁለት ሦስት።»

«ሁለት ነው ወይስ ሦስት?»

«ሁለት።»

«ሁለት መዶሻ» ብለው መዘገቡና ማኅተማቸውን መቱ። ቅዳሜ አራት ሰው መዶሻ ይዞ መጣ። ሁለቱን መዶሻ መዘምራኑ ካባ በሚሰቅሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቄ ቀኑን ሙሉ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ።

ከማስታወቂያ ሁሉ የሚከብደው ግን የጋብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ቄሱ ብቻቸውን አይወስኑም። የሚያስተዳድረው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፤ በደንብና በድምፅ። ደንቡ ደግሞ የተጋቢዎች ስም በሦስት ሰንበት፣ ምዕመናን በተሰበሰቡበት ይነበብ ይላል። የሚያግድ ምክንያት የሚያውቅ ሰው እንዲናገር ነው። ሦስቱ ካልሞላ ጋብቻ የለም፤ የጋብቻ ወረቀትም የለም።

ይህን ደንብ በገዛ እጃቸው የጻፉት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዳንጊሶ ናቸው። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው። ልጃቸው ወርቅነሽ ቡሹሎ ጤና ረዳት ነበረች። የምታገባው መምህር ጴጥሮስ የተባለ የእኛው መዘምር ነው።

ጴጥሮስ በድንገት ወደ ባሌ ገጠር ተዛወረ። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሰኞ በአውቶቡስ መሄድ ነበረበት። የጋብቻ ወረቀት ይዞ ከሄደ የእሷም የዝውውር ማመልከቻ አብሮ ይገባል። ካልያዘ ለሚመጣው ዓመት ይቆያል ተባለ። የሚመጣው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም። እንዲያ ተለያይተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

አንደኛውን ሰንበት አነበብኩ። ሁለተኛውንም አነበብኩ። ሦስተኛውን ሐሙስ ተይቤ፣ አስፈቅጄ፣ አባዝቼ ጨረስኩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በጋሪ ላይ የተጫነ የድምፅ ማጉያ በበራችን አለፈ። እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ማንኛውም ነዋሪ በታቦር ተራራ ግርጌ ለስብሰባና ለችግኝ ተከላ ይገኝ፤ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር እንዳይጠብቅ።

ወይ ጣጣ! ወደ ቄሱ ሮጥኩ። የእኛ ፈቃድ ለእሁድ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ መሰብሰብ አይቻልም። ቄሱ ግንባራቸውን አሹና «እስኪ አቶ ዳንጊሶን ጠይቃቸው፤ ሁለቱ ይበቃል ይሉ ይሆናል» አሉኝ። ይህን ሲሉ ወደ ዓይኔ አላዩም።

የአቶ ዳንጊሶ ቤት ታቦር ሰፈር ነው። ዳገቱን ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ ጀመርኩ። «አቶ ዳንጊሶ፣ የወርቅነሽ ማስታወቂያ ሁለት ሰንበት ተነቧል…»

«ደንቡ ስንት ይላል?»

«ሦስት።»

«አንተ ስንት አነበብክ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?»

«ልጅዎ እኮ ናት!»

«ስለሆነች ነው። የአናጢው ልጅ አንድ ሰንበት ጎድሏት ሠርጓን አስተላልፌባታለሁ፤ ድንኳን ተተክሎ፣ እንግዳ ከይርጋለም መጥቶ። አሁን ለራሴ ልጅ ሲሆን ሁለት ይበቃል ልበል?»

ንግግሩ እዚህ ላይ አበቃ። ስወጣ ወርቅነሽ አጥሩ ጋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ ዮሐንስ፣ አባዬን አይለምኗቸው፤ ቃላቸው አይታጠፍም። እርስዎ ግን መላ አያጡም።» አለችኝ። እኔ! መላ የማያጣ ሰው በሁለት ጣት ይተይባል? «አይዞሽ፣ እናያለን» ብያት ሄድኩ። «እናያለን» ማለት ምንም አላይም ማለት ነበር።

እሁድ ሁላችንም ታቦር ግርጌ ተገኘን። ቄሱ ችግኝ ታቅፈዋል። እትዬ አማረች ዶማ ተሸክመዋል። መዘምራኑ አካፋ ይዘዋል። ሰባቱም ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ለስንት ዓመት «እባካችሁ በሰዓቱ ተገኙ» ብዬ አንብቤ ያልመጣ ምዕመን ሁሉ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጥቶ ተሰልፏል። በስኳር!

ስብሰባው ከተከላው ቀደመ። ሊቀመንበሩ ስለ ዛፍ ጥቅም ሁለት ሰዓት ተናገሩ። በንግግሩ መሐል ችግኙ እጃችን ላይ ጠወለገ። ጴጥሮስና ወርቅነሽ ከፊቴ ቆመዋል። የማስታወቂያው ወረቀት ከሐሙስ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «ልዩ ልዩ! ጥያቄ ያለው?» አሉ። በልዩ ልዩ ላይ ማንም አይናገርም፤ የተናገረ ሰው በሕዝብ ይጠላል። እጄን አወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ብሽቅ ብዬ ነበር። የተበሳጨ ሰው እጁ ከራሱ ይቀድማል። እንዲያውም እጄ ከወጣ በኋላ ላወርደው ፈልጌ ነበር፤ ሊቀመንበሩ አዩኝ።

«ጓድ ዮሐንስ፣ አጭር ይሁን!»

ወደ ድምፅ ማጉያው ወጣሁ። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። «ወንድሞችና እህቶች… ይቅርታ፣ ጓዶች። የቀበሌያችን ነዋሪዎች መምህር ጴጥሮስ እና ጤና ረዳት ወርቅነሽ ዳንጊሶ በመጪው ቅዳሜ ሊጋቡ አስበዋል። ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ማስታወቂያ ነው። ጋብቻውን የሚያግድ ምክንያት የሚያውቅ ሰው ቢኖር አሁን ይናገር።»

ሊቀመንበሩ አፈጠጡብኝ። «ይህ ጉዳይ በአጀንዳ አልተያዘም።»

«ለዚህ ነው በልዩ ልዩ ያቀረብኩት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አሰቡ። አንድ ጉዳይ ለስብሰባ ከቀረበ ያለ እጅ ሲዘጋ አይተው አያውቁም። «እንግዲያው ቤቱ ይወስን! የሚደግፍ?»

እጅ ብቻ ሳይሆን አካፋና ዶማም ወደ ላይ ወጣ። ከእኛ ጋር ቅዳሴም ጸሎትም የማይጋሩ የኦርቶዶክስና የእስልምና ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደገፉ። «የሚቃወም?» አንድም የለም። «ድምፀ ተአቅቦ?» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ደብተራቸውን እየዘጉ። በዚያ ሜዳ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ኖሮ አያውቅም።

አንድ እጅ ወጣ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ እጅ። የአቶ ዳንጊሶ።

ሊቀመንበሩ ደብተራቸውን እንደገና ገለጡ። «አባቴ፣ ልጅቷ ልጅዎ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«ጋብቻውን አይፈልጉትም?»

«እፈልገዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ጉዳዩ የቤቴ ነው። ሰው በገዛ ቤቱ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም፤ ደንብ ነው። ይመዝገብልኝ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ከንፈራቸውን ነክሰው መዘገቡ። «በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አልፏል!» ተባለና ተጨበጨበ።

ወደ ተከላው ስንሄድ ሽማግሌዎቹ ክርክር ገጠሙ። ንባቡ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አንደኛው «ጸሎት አልተደረገም» አሉ። ቄሱ «እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሆዴ ስጸልይ ነበር፤ ንግግሩ እንዲያልቅ» ብለው መለሱ። አቶ ዳንጊሶ ግን ተንበርክከው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። እኔ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«አቶ ዳንጊሶ፣ አንድ የደንብ ጥያቄ ነበረኝ። ሰው ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርገው በትክክለኛ ጉባኤ ነው ወይስ ጉባኤ ባልሆነው?»

«ጉባኤ ባልሆነው እጅ አይወጣም።»

«የእርስዎ እጅ ወጥቷል።»

ዶማቸውን አስቀመጡ። አፈር የለበሰ እጃቸውን የሌላ ሰው እንደሆነ ነገር ገልብጠው አዩት። እኔ ከፍርሃቴ ብዛት ችግኙን ሥሩን ወደ ላይ አድርጌ እየተከልኩ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ቀምተው ያስተካከሉት።

«ዛሬ ሰንበት ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ምዕመናን ተሰብስበዋል። ሁሉም ሰምቷል። የተቃወመ የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፈው። ቦታውን ግን እንዳትደብቅ። ‹በታቦር ግርጌ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ› ብለህ ጻፍ። ልጄን ባልጠራ መዝገብ አልድራትም።»

ሽማግሌዎቹ እዚያው ችግኙ መሐል ቆመው ድምፅ ሰጡ። ስድስት ድጋፍ፤ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ቅዳሜ ተጋቡ። ሰኞ ጴጥሮስ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰፍቶ ሄደ፤ ማመልከቻዋም አብሮ ገባ። ክረምቱ ሳይወጣ ወርቅነሽ ሻንጣዋን ይዛ ተከተለችው። አቶ ዳንጊሶ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆመው ሸኟት፤ ከዚያ መነጽራቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

እኔስ? ከስብሰባው በኋላ በነበረው ሐሙስ ቀበሌ ተጠራሁ። ባለቤቴ ብርድ ልብስ አስይዛ ላከችኝ። ሊቀመንበሩ በሩን ዘጉና «እሁድ ዕለት አንተ ስታነብ ሕዝቡ እንቅልፉ ጠፍቶ ነበር» አሉኝ። «ከእንግዲህ የቀበሌውንም ማስታወቂያ አንተ ነህ የምታነበው።» ብርድ ልብሴን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለሁለቱም አነበብኩ፤ ሁለቱም በየሳምንቱ የእኛን አሳንሰህ አነበብክ እያሉ ሲወቅሱኝ ኖሩ።

በየቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ላላችሁ ወጣት ጸሐፊዎች ከሥራ ዘመኔ የማስተላልፈው ይህን ነው። ማስታወቂያ የሚነበበው ሰው ባለበት ቦታ ነው። የተነበበበት ቦታም እንዳለ ይጻፋል።