ጠርዙ የተቆረጠ ማውጫ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ፎቅ ላይ፣ የአገራችን ሰዎች ያቋቋሙት ባለ አንድ ክፍል ንባብ ቤት አለ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የቤተ መጻሕፍት ሙያ መማር ስጀምር ከሰዓት በኋላ እዚያ ማገልገል ጀመርኩ።

መደርደሪያው ላይ የከተማዋ የድሮ የስልክ ማውጫዎች፣ ሽፋናቸው የወለቀ መዝገበ ቃላትና ማንም የማይከፍተው የካርድ ሣጥን ነበሩ። ሰው የሚፈልገው ግን አንዱን ብቻ ነበር፤ ንባብ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ለብዙ ዓመታት በእጃቸው የጻፉትን ወፍራም ማውጫ። ካርቱም የገባ ሐበሻ ስሙንና የሚሠራበትን ሰፈር ያስመዘግባል፤ ዘመድ ሲመጣ ከዚያ ይፈልገዋል።

ሽማግሌው፣ “እንዳለ ገልብጪው። ከዚያ ዋናውን እናስጠርዘዋለን” አሉኝ።

እኔ አሻሽዬ ላስደስታቸው ፈለግሁ። ማውጫው በፊደል ተራ አልነበረም። ሰዎቹ በትውልድ መንደራቸው ተሰብስበዋል፤ የመንደሩ ስም በገጹ ጠርዝ ላይ በቀይ ተጽፏል። ከአንዳንዱ ስም ጎን “ረጅም”፣ “ኮልታፋ”፣ “ግራኝ” የሚል አለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከተማርነው ጋር አልገጠመልኝም። ሁሉንም በስማቸው ከሀ ጀምሬ ደረደርኩ። መንደሩንና አስተያየቱን አላስፈላጊ ነው ብዬ ተውኩት። ዋናውን ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ላለ ጠራዥ ሰጠሁ።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ አንዲት የወሎ ሴት መጣች። ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምትለቀቀው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት ካርቱም ገብታ ድምፅዋ የጠፋ ታላቅ እህት አለቻት። እናታቸው አገር ቤት ታማ ተኝታለች፤ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ አልሙት ትላለች።

“ስሟን ንገሪኝ፣ እህቴ” አልኳት፣ አዲሱን ቅጂ ዘርግቼ።

ነገረችኝ። በዚያ ስም ማንም አልነበረም።

“እዚህ ምን ብለው እንደሚጠሯት በምን አውቄ?” አለች። “እኔንስ ማዳሟ በመጣሁ ቀን ሌላ ስም አወጣችልኝ አይደል? የመንደራችንን ሰዎች አውጪልኝ እንጂ፣ እናቴ።”

ገጾቹን አገላበጥኩ። ላወጣላት የምችለው መንደር አልነበረም።

ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “አይ የተማረ ሰው! ስም ድንበር ላይ ይቀየራል። የተወለዱበት ይቀየራል? በይ ያላ፣ ጠራዡ ጠርዙን ሳይቆርጠው ድረሺበት።”

በሪክሻ ባጃጅ ሄድኩ። አልደረስኩም። ጠራዡ የገጾቹን ዳር አስተካክሎ ቆርጦ ጨርሷል።

“ጠርዙ ላይ እኮ ጽሕፈት ነበረ” አልኩት በዐረብኛ።

“መጽሐፍም እንደ ሙሽራ ይላጫል” አለኝ። “እዪው፣ አላማረበትም?”

ቀይ ፊደል ያለበት ቁርጥራጭ ወለሉ ላይ ከሌሎች ደንበኞች ወረቀት ጋር ተደባልቆ ነበር። መጽሐፉን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። “የገጾቹን ቅደም ተከተል አላፋለሰውም?” ብላ ጠየቀች።

“አላፋለሰም።”

“እንግዲያው ስሞቹን ጥሪልኝ። ሁሉም ስሙን አይቀይርም፤ ጎረቤቶቼን ስሰማ አውቃለሁ።”

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበንብ ጀመር። እሷ እጇን አገጭዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፤ በየመሐሉ መስኮቱን ታያለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ አለባት። መጽሐፉ ሊጋመስ ሲል፣

“ቆይ! እሱ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው” አለች።

ቀጠልኩ።

“ውይ፣ ይቺ ደሞ በሰርጓ ማግስት የጠፋችው! ባልየው እስካሁን ሲፈልጋት ወላሂ!”

ሽማግሌው ሳቁ። መንደሩን አግኝተነዋል። ከዚያው ገጽ ግርጌ ሴትዮዋ የማታውቀው ዐረብኛ ስም ነበረ። ከጎኑ ያለውንም አነበብኩላት፦ “ግራኝ።”

“እሷ ናት! በግራሽ አትብዪ እየተባለች ስንቴ ተመታች” አለች።

አድራሻው ጀሪፍ ሰፈር፣ ከጡብ ምድጃዎቹ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ይላል። የተጻፈው ከዓመታት በፊት ነው። ገልብጬ ሰጠኋት። ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችና፣ “ኢንሻአላህ” ብላ ወረደች።

በዚያ ሳምንት የእኔን ቅጂ ከታችኛው መደርደሪያ አስቀምጬ፣ ሽማግሌው የሚመጣውን ሰው ሁሉ እየጠየቁልኝ የመንደሮቹን ስም በዋናው ላይ መልሼ ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ከጠርዙ አራቅሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ሴትዮዋ ከሌላ ሴት ጋር መጣች። ከእናታቸው ጋር በስልክ ተነጋግረዋል፤ ማልቀሱ ስለበዛ ብዙ ቃል አልተለዋወጡም አሉ። ታላቂቱ አሠሪ ቀይራ ኖሮ፣ ያለችበትን የጠቆሙት የአረንጓዴው በር ቤት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን አድራሻዋን ማስተካከል ፈለገች።

“በየትኛው ስሜ ልጻፈው?” አለችኝ።

“በሁለቱም” አልኳት።

ብዕሩን በግራ እጇ ተቀበለችኝ።