የቀሩትስ ማን ይናገርላቸው?

ጤና ረዳት የነበሩት አጎቴ ካረፉ አርባ ቀናቸው ነው። ሰው «እኔ እንዲህ አድርጌ ምንም አልሆንሁም» ሲል ከሰሙ «የቀሩትስ ማን ይናገርላቸው?» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝሁት ዘጌ ነው። ባሕር ዳር ሄጄ ሆስፒታል ልውለድ ስል አማቴ አልወደዱትም።

«እኔ ሰባቱንም እዚሁ ቤት ነው የወለድሁ። ምን ሆንሁ?»

«እመይቴ፣» አሏቸው አጎቴ፣ «እርስዎ ተመስገን ተርፈው ይነግሩናል። የሞቱት ግን መጥተው አይነግሩንም። ስማቸውን መዝገብ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከየመቶው ሲታይ፣ ሆስፒታል ከሚወልዱት ይልቅ ቤት ከሚወልዱት መካከል የሚሞቱት ይበዛሉ።»

በማግስቱ ራሳቸው በጀልባ ባሕር ዳር አደረሱኝ። ከወለድሁ በኋላ ደሜ አልቆም ብሎ ሐኪሞቹ በስንት መከራ አተረፉኝ።

ሲሻለኝ «ጋሼ፣ ይኸው ምስክርዎ እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ሳቁ። «የለም ልጄ፣ አንቺም አንድ ሰው ነሽ። ቤት ወልደሽ በሰላም ብትገላገይም ያልሁት አይለወጥም ነበር። እኔ የማየው የሁሉንም ነው።» ከዚያ ሕፃኗን ተቀብለው አቀፏት።

አሁን የባለቤቴ እህት ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው እሑድ አማቴ ራሳቸው «ሆስፒታል ነው የምትወልጂው» አሏት። «ለምን?» ስትላቸው መልሱን ፍለጋ አጎቴ ይቀመጡበት ወደነበረው መደብ ዞር አሉ። ማንም አልነበረበትም። እንባቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ እኔ ከልጅቱ አጠገብ ተቀምጬ ማስረዳት ጀመርሁ።